ክሪያቲኒኔ ከ0.8 ወደ 1.1 ወጣ፤ የኤችአይቪ መድኃኒቴን ላቁመው?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 52 ነው፤ ሴት ነኝ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ማታ ማታ የምወስደውን ኪኒን ቀይረው ቲኤልዲ ሰጡኝ። ቫይረሱ ‹አይታይም› ተብያለሁ። ደም ግፊት አለብኝ። ኪኒኑ ሲቀየር ክሪያቲኒኔ 0.8 ነበር፤ ባለፈው ወር 1.1 ሆኖ መጣ። ላብራቶሪው ‹ኖርማል› ብሎ ጽፏል። ጓደኛዬ ግን ‹ይሄ አዲሱ ኪኒን ኩላሊት ይጨርሳል› አለችኝ። እውነትም ኩላሊቴን ያመኛል፤ ወገቤን ይዞኛል። ለሱ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ኪኒኑን አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምወስደው። ውሃ በብዛት እጠጣለሁ፤ የሽፈራው ቅጠልም ጀምሬያለሁ። ክብደቴ 54 ኪሎ ነው። ኩላሊቴ ሊያልቅ ነው? መድኃኒቱን ላቁመው?»

መልስ፦ አያቁሙት። አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰዱንም ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ይህን ያስቀደምኩት ከጻፉልኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ ነው። ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የምንገምትበት የደም ምርመራ) 1.1 መሆኑ ተረጋግተን የምንመረምርበት ጊዜ ይሰጠናል። መድኃኒት መዝለል ግን ጊዜ አይሰጥም።

መዝለልዎ ኩላሊትዎን ለማሳረፍ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግን አያሳርፍም። በኪኒኑ ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር አንዴ ሴል ውስጥ ከገባ ለቀናት ይቆያል። አንድ ቀን ስለዘለሉ ኩላሊቱ እፎይ አይልም። ምናልባት «ኩላሊቱ የደከመ ሰው በሁለት ቀን አንዴ ነው የሚወስደው» የሚል ነገር ሰምተው ይሆናል። እሱ ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። ግን የሚሠራው ቴኖፎቪር ለብቻው በተለየ ኪኒን ሲሰጥ፣ ሐኪም የኩላሊቱን አቅም አስልቶ ሲያዝ ነው። ቲኤልዲ በአንድ ኪኒን ሦስት መድኃኒት ነው፦ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም። አንድ ቀን ሲዘሉ ሦስቱንም ነው የዘለሉት። ቫይረሱ ደግሞ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ኩላሊትን ከሚጎዱት አንዱ ራሱ ቫይረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የወጣው ስማርት የተባለ ትልቅ ጥናት ከ5,400 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። ግማሾቹ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ወሰዱ። ግማሾቹ ሲዲ4 (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር) ጥሩ ሲሆን እያቆሙ፣ ሲወርድ እየጀመሩ ቆዩ። የታሰበው ሰውነታቸውን ከመድኃኒቱ ጉዳት ማሳረፍ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በሚያቆሙት ላይ ሞት በዛ። የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት ከባድ ሕመምም የበዛው በእነሱ ላይ ነው። ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። «ኩላሊቴን ላሳርፈው» ብሎ ማቆም እንግዲህ ተሞክሮ የከሸፈ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዎ አባባል ልምጣ። «አዲሱ ኪኒን» የሚለው ነገር መታረም አለበት። ከ14 ዓመት በፊት ማታ ማታ በአንድ ኪኒን ይሰጥ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪረንዝ ነው። ካርድዎ ላይ ያረጋግጡ። እንደዚያ ከሆነ ቴኖፎቪር ለእርስዎ አዲስ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወስደውት ክሪያቲኒንዎ 0.8 ነበር። ሲቀየር የወጣው ኤፋቪረንዝ ነው፤ የገባው ዶሉቴግራቪር ነው። ሌላው እንዳለ ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? ዶሉቴግራቪር ኩላሊትን ሳይጎዳ የክሪያቲኒንን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ከደም የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው። ትልቁ መንገድ የኩላሊት ማጣሪያ፣ ማለትም ወንፊቱ ነው። ሌላው ትንሽ የጓሮ በር ነው፤ የኩላሊት ቱቦዎች ራሳቸው ትንሽ ክሪያቲኒን ወደ ሽንት ይገፋሉ። ዶሉቴግራቪር ይህችን የጓሮ በር በከፊል ይዘጋል። ወንፊቱን አይነካም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት አካባቢ ክሪያቲኒን ከ0.1 እስከ 0.15 ያህል ይጨምርና እዚያው ይቆማል። ኩላሊቱ ልክ እንደ በፊቱ እያጣራ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ሆናችሁ ቢክታርቪ የተባለውን የኤችአይቪ ኪኒን የምትወስዱም ይህንኑ ታያላችሁ። በውስጡ ያለው ቢክቴግራቪር ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ውጤታችሁ በማይክሮሞል ከሆነ የዚህች እህት 0.8 የእናንተ 71፣ 1.1 ደግሞ 97 አካባቢ ነው።

ግን እዚህ ላይ «እንግዲያው ሰላም ነው» ብዬ አልሸኝዎትም። የእርስዎ ጭማሪ 0.3 ነው። ዶሉቴግራቪር ቢበዛ ግማሹን ያስረዳል። ቀሪው ግማሽ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ከአምስት ዓመት ዕድሜ ጋር ትንሽ መቀነስ ያለ ነው፤ እሱ ግን ለብቻው ይህን ያህል አይሆንም።

ላብራቶሪው «ኖርማል» ማለቱም አያጽናናዎ። ወረቀቱ ላይ ያለው ልክ ለሁሉም ሰው የተጻፈ ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ ስለሚመጣ ቀጠን ያለ ሰው ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሐኪሞች መድኃኒት ለመመጠን የኩላሊትን የማጣራት አቅም (በደቂቃ በሚሊሊትር) የሚያሰሉበት አንድ የቆየ ቀመር አለ። ዕድሜን ከ140 ይቀንሳሉ፣ በክብደት ያባዛሉ፣ በ72 እና በክሪያቲኒኑ ያካፍላሉ፤ ለሴት ደግሞ በ0.85 ያባዛሉ። 75 ኪሎ የሚመዝን የ30 ዓመት ወንድ ክሪያቲኒኑ 1.1 ቢሆን ቀመሩ 104 ይሰጠዋል። እርስዎ በዚያው 1.1 የሚያገኙት 51 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ኩላሊቱ ግማሽ። ከአምስት ዓመት በፊት በ0.8 የእርስዎ 74 ነበር፤ ክብደትዎ ያው ከነበረ። ዶሉቴግራቪር የጨመረውን ብንቀንስለት ትክክለኛው አቅምዎ ከ56 እስከ 59 አካባቢ ይመስለኛል።

ይህ ቁጥር ለምን ያስጨንቃል? ቴኖፎቪር ያለበት ይህ ጥምር ኪኒን ከ50 በታች ለወረደ ሰው አይመከርም። እርስዎ መስመሩ ላይ ነዎት። አላለፉም፤ ግን ቅርብ ነዎት። ሌላው ቀመር፣ ብዙ ላብራቶሪዎች አሁን የሚያትሙት፣ ለእርስዎ 60 ገደማ ይሰጣል። ሁለቱ ቢለያዩ አይደንግጡ። የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የድሮ ውጤታችሁ ላይ «ለጥቁሮች» ተብሎ ከፍ ያለ ቁጥር ተጽፎ ታገኙ ይሆናል። ያ ጭማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአዲሱ ቀመር ወጥቷል። የዛሬውን ቁጥር ከድሮው ጋር ስታወዳድሩ ኩላሊታችሁ በአንድ ቀን የወደቀ እንዳይመስላችሁ።

ስለ ቴኖፎቪር በቀጥታ ልናገር። ጉዳቱ ወሬ አይደለም፤ እውነት ነው። ጎልቶ የሚነገረው ግን ከመጠኑ በላይ ነው። ይህ መድኃኒት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ሥራ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ኩላሊቱ ሳይነካ ዓመታት ይወስደዋል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን መድኃኒቱ በኩላሊት ቱቦ ሴሎች ውስጥ ይጠራቀማል። የሴሎቹን የኃይል ማመንጫ ያደክማል። ቱቦው ሥራው ወደ ደም መመለስ ያለበትን ነገር መልሶ መያዝ ነው። ሲደክም ይለቀዋል። ፎስፌት፣ ፖታሲየም፣ ስኳር፣ ትናንሽ ፕሮቲኖች ከሽንት ጋር ይሄዳሉ።

ማን ላይ ይበዛል? ዕድሜው ከ50 ያለፈ። ቀጠን ያለ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት። ቀድሞም ኩላሊቱ የደከመ። ሁለተኛ መስመር (የመጀመሪያው መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር የሚሰጠው ሕክምና) ላይ ሆኖ ከቴኖፎቪር ጋር አታዛናቪር ወይም ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር የሚወስድ። እና የሕመም ማስታገሻ የሚያዘወትር። እርስዎ ከነዚህ አራቱ አሉብዎት። ሦስቱን ማንሳት አንችልም። አራተኛው ግን በእጅዎ ነው፤ እሱም ዲክሎፌናክ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክሊኒክ ውስጥ በየጊዜው የምጋጨው ነገር ስለሆነ። እኛ አገር ወገቡን የያዘው ሰው «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል። ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። እኛ የምንፈራው ኩላሊትን ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ አያምም። ድምፅ የለውም። የሚያመው ጠጠር ነው፣ የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው። ከዚያ ውጭ ወገብ የሚይዘን ብዙውን ጊዜ ጡንቻና አከርካሪ ነው። ታዲያ ሰው ጤነኛ ኩላሊቱን «አመመኝ» ብሎ ዲክሎፌናክ ይገዛል። ያለ ማዘዣ ያገኘዋል። አንዳንዱ መርፌውን ያስወጋል፤ «ቶሎ ይሠራል» ብሎ። ለኩላሊቱ ብሎ የወሰደው መድኃኒት ኩላሊቱን ይጎዳዋል።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠባሉ። ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ኢናላፕሪልን ከመሰለ የግፊት መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ጉዳቱ ይብሳል። ከቴኖፎቪር ጋር ደግሞ በተለይ ዲክሎፌናክ ድንገተኛ የኩላሊት ድክመት እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ዓመታት በሰላም ቴኖፎቪር የወሰደ ሰው ዲክሎፌናክ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩላሊቱ ሲወርድ ታይቷል። ስለዚህ ይህ ምክር አይደለም፤ ክልከላ ነው። ዲክሎፌናክን ዛሬ ያቁሙ። ሕመሙ ከባሰ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ በቀን ከ3 ግራም አይለፍ። ቅባት ማሸትና ሙቅ ነገር ማድረግም ይረዳል። ሌላ የሕመም መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪም ይዘዝልዎ፤ ቲኤልዲ እንደሚወስዱ ይንገሩት።

ከወገቡ ሕመም ሌላ አንድ ነገር አለ። ቱቦው ተጎድቶ ፎስፌት በሽንት የሚፈስበት ሰው አጥንቱ ይለሰልሳል። ያኔ ወገብ፣ ጎን አጥንት፣ ዳሌ፣ እግር ያማል። ደረጃ መውጣት ይከብዳል፤ ጡንቻ ይዝላል። እንዲህ ያለው ብዙ አይደለም፤ ግን አለ። ሰው ሕመሙን በዲክሎፌናክ ሲያስታግስ የሕመሙን ምክንያት ያባብሰዋል። ስለዚህ ሕመምዎ ወገብ ላይ ብቻ ካልሆነና አጥንት አጥንትዎን የሚል ከሆነ ለሐኪሙ እንደዚያው ይንገሩት። «ወገቤን» ብቻ ብለው አይለፉት። የፎስፌት ምርመራ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ።

ውሃን በተመለከተ፦ ሲጠማዎ ይጠጡ፤ በቀን አንድ ሊትር ተኩል፣ ሁለት ሊትር ይበቃዎታል። ከዚያ በላይ መጋት ኩላሊትን «አያጥብም»። ኩላሊት እንደ ድስት የሚታጠብ ነገር አይደለም። አደገኛው ሌላው ጫፍ ነው፤ ተቅማጥና ትውከት ይዞዎት ሰውነትዎ ሲደርቅ። ሽፈራውን ግን ያቁሙት። መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። የኩላሊትን ድክመት እንደሚያድን ማስረጃ የለም፤ እኛም አሁን ቁጥሩ ለምን እንደወጣ እየፈለግን ነው። በአንድ ጊዜ አምስት ነገር ከተቀያየረ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። በዱቄትና በብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ «የኩላሊት መድኃኒት» ግን ጨርሶ አይንኩ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኩላሊትን ለዘለቄታው የሚያጠፉ ዕፅዋት ደግሞ በእርግጥ አሉ።

ሌላም ፍርሃት አለ፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ባይኖርም ብዙዎች ይጠይቁኛል። «ኤችአይቪ የጥቁሮችን ኩላሊት ለይቶ ያጠቃል» የሚል። መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች በኤድስ ታማሚዎች ላይ ኩላሊትን በወራት የሚያደክም በሽታ ገለጹ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ምክንያቱ በ2010 ተገኘ፤ አፖል ዋን በሚባል ዘረመል ላይ ያሉ ሁለት ለውጦች ናቸው። እነዚህ ለውጦች በምዕራብ አፍሪካ የበዙ ናቸው። በኢትዮጵያውያን ናሙና ላይ ግን አልተገኙም። እስራኤል ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸው 338 የኢትዮጵያ ተወላጆች ታይተው ያ በሽታ በአንዳቸውም ላይ አልታየም። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ከአንዱ በሽታ ነው የሚያተርፈን። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ያልታከመ ቫይረስና መድኃኒት የማንንም ኩላሊት ይጎዳሉ።

እንግዲህ ምን ይመርመሩ? ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ወደ ኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል ይሂዱ። መዝለልዎን አይደብቁ። «ይቆጡኛል» ብለው ከደበቁ የሚቀጥለው የቫይረስ መጠን ከፍ ብሎ ሲመጣ ምክንያቱን በስህተት ይፈልጉታል። የቫይረስ መጠን ምርመራ እንዲደገም ይጠይቁ። ክሪያቲኒኑ ደግሞ ዲክሎፌናክ ካቆሙ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው ላብራቶሪ ይደገም። በዋዜማው ሥጋ በብዛት አይብሉ፤ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። አንድ ውጤት ማንንም የኩላሊት በሽተኛ አያደርግም። ሥር የሰደደ የሚባለው ሦስት ወር ሲቆይ ነው።

ከደሙ እኩል የምፈልገው ሽንቱን ነው። ርካሽ ነው፤ ጤና ጣቢያም ይሠራል። ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሁለት ነገር እንፈልግበታለን፤ ፕሮቲንና ስኳር። ሽንት ውስጥ ስኳር ኖሮ የደም ስኳር ግን ልክ ከሆነ፣ ቱቦው እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ይህ የቴኖፎቪር ጉዳት ዋና ምልክት ነው፤ ክሪያቲኒን ከመውጣቱ በፊትም ሊታይ ይችላል። በሽንት ወረቀት የሚታየው ፕሮቲን ደግሞ የወንፊቱን እንጂ የቱቦውን ጉዳት በደንብ አያሳይም። ስለዚህ ከተቻለ የፕሮቲንና የክሪያቲኒን ንጽጽር በሽንት ይሠራ። የጾም ስኳር፣ ፖታሲየም፣ ፎስፌት፣ የኩላሊት አልትራሳውንድ ይጨመሩ። ሲስታቲን ሲ የሚባል የደም ምርመራ በሚገኝበት ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ዶሉቴግራቪር እሱን አያሳስተውም። ካልተገኘ ግን ሌላው ይበቃል።

የሄፓታይተስ ቢ ውጤትዎን ከነዚህ ሁሉ በፊት ይወቁ። ምክንያቱ ከባድ ነው። ቴኖፎቪርም ላሚቩዲንም ሄፓታይተስ ቢን ያክማሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርን ድንገት ቢያቆም ጉበቱ በኃይል ሊቆጣ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። «ላቁመው?» የሚለውን በራስ መወሰን የማይቻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ የሚሆነውን ልንገርዎ። ዲክሎፌናክ ከቆመ በኋላ ቁጥሩ ወደ 0.9 ወይም 1.0 ከወረደና ሽንቱ ንጹህ ከሆነ፣ ምክንያቱ ተገኘ። ቲኤልዲን ይቀጥሉ። ክሪያቲኒንና ሽንት በየሦስት ወሩ፣ ከተረጋጋ በኋላ በየስድስት ወሩ ይታይ። እውነቱን ለመናገር እኔ የምጠብቀው ይህንን ነው።

1.1 ላይ ከቆየ፣ ወይም ሽንት ውስጥ ስኳር ወይም ፕሮቲን ከተገኘ፣ ወይም ስሌቱ ከ50 ከወረደ፣ ቴኖፎቪር ይቀየር። ልብ ይበሉ፤ የሚቀየረው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። ዶሉቴግራቪርና ላሚቩዲን ይቀጥላሉ። በቴኖፎቪር ፋንታ የሚገባው እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ አባካቪር ነው። ኩላሊትን አይጎዳም። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። አንደኛ፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ከባድ አለርጂ ያመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር ይታያል። እንዲህ ከሆነ በዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። በዚህ ምክንያት ከቆመ ደግሞ ዳግም በፍጹም አይወሰድም፤ ሁለተኛው ጊዜ ይገድላል። ሁለተኛ፣ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አይመረጥም። ግፊትዎ በሚገባ መያዝ ያለበት ለዚህም ነው።

ቲኤኤፍ የሚባለው አዲሱ የቴኖፎቪር ዓይነት በሚገኝበት ቦታ ጥሩ ምርጫ ነው። መጠኑ 300 ሳይሆን 25 ሚሊግራም ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ቴኖፎቪር በ90 ከመቶ ያህል ያነሰ ስለሆነ ኩላሊትና አጥንት ላይ ይቀላል። ሄፓታይተስ ቢንም ያክማል። ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ ከቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ጋርም ይጋጫል። ዚዶቩዲንን ለእርስዎ አልመርጥም፤ ደም ማነስ ያመጣል።

ተቀይሮም ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። የቱቦ ጉዳት ቴኖፎቪር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ በወራት ነው፤ ሁልጊዜ ግን እስከ መጀመሪያው አይመለስም። በጊዜ መያዙ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ግፊቱን ደግሞ አንርሳ። ለኩላሊትዎ ከኪኒኑ ይልቅ ለዘለቄታው የሚያሰጋዎት እሱ ሊሆን ይችላል። ከ130 በ80 በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት ኩላሊትን ይጠብቃል። ባክትሪም የተባለውን ፀረ ተህዋስ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ፖታሲየም ከፍ ይላል፤ ባክትሪም ለብቻውም ክሪያቲኒንን እንደ ዶሉቴግራቪር በማስመሰል ያወጣል። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን የምትወስዱ ደግሞ ከዶሉቴግራቪር ጋር በቀን ከ1,000 ሚሊግራም አይለፍ፤ ኩላሊት ከደከመ ከዚያም ይቀንሳል። ካልሲየም ወይም ብረት ኪኒን ከታዘዘልዎ ቲኤልዲን ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ወይም ስድስት ሰዓት ቆይተው ይውሰዱ። አለበለዚያ ዶሉቴግራቪር ወደ ደም በበቂ መጠን አይገባም። የጾም ሰሞን ከሆነ ኪኒኑን ወደ ማታ ያዙሩት፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል።

«ሊያልቅ ነው?» ላሉኝ፦ በዚህ ቁጥር ከኩላሊት እጥበት በጣም ሩቅ ነዎት። ሰው እዚያ የሚደርሰው አቅሙ ከ15 በታች ሲወርድ ነው። ቫይረሱ በደም ውስጥ መኖሩም እጥበትም ሆነ ንቅለ ተከላ አይከለክልም። ኬፕታውን በሚገኘው ግሩት ሹር ሆስፒታል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች ኤችአይቪ ከነበረባቸው ሟቾች ኩላሊት ተነቅሎ ተተክሎላቸዋል። አገራችን ግን እጥበት ውድ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይፈለጋል፤ ንቅለ ተከላም እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ጉልበታችንን አሁን፣ 51 ላይ ሆነን እናውለው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ጊዜያት አሉ። ፊትዎ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ ሽንት በጣም ካነሰ፣ ጉልበትዎ ካልታዘዝዎ፣ ተቅማጥና ትውከት ከአንድ ቀን ከዘለቀ በዚያኑ ቀን ይሂዱ። ተቅማጡ ላይ የግፊት መድኃኒቱ ለጊዜው መቆም ሊኖርበት ይችላል፤ እሱን እዚያው ይጠይቁ።

ሲሄዱ የ0.8ቱን ወረቀትም ይያዙ። የ1.1ዱን ብቻ ያየ ሐኪም «ኖርማል» ብሎ ሊመልስዎት ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡለት፤ ክብደትዎን ይንገሩት፤ የዲክሎፌናኩን ማሸጊያም ከቦርሳዎ አውጥተው ያሳዩት።